ምጣኔን የፈለገው ኢኮኖሚስት፤ ኤርነስት ፍሪድሪክ ሹማከር

የኢኮኖሚ ጥናት በአማርኛ ምጣኔ ሀብት ይባላል። ምጣኔ የሚለው ቃል ልክን፣ መጠንንና ሚዛንን ያመለክታል። ሙያው በተግባር ሲታይ ግን ስለ ልክ የሚናገረው ጥቂት ነው። ምርት በየዓመቱ እንዲያድግ፣ ፍጆታም ከዚያው ጋር እንዲጨምር ይመክራል፤ ዕድገቱ የት ላይ ሲደርስ በቃ ሊባል እንደሚገባው ግን እምብዛም አይጠይቅም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ይህን ጥያቄ ከሙያው ውስጥ ሆነው ካነሡት ሰዎች አንዱ ኤርነስት ፍሪድሪክ ሹማከር ነው። ሹማከር ከገበያና ከፋብሪካ ርቆ የኖረ መናኝ አልነበረም። ዕድሜውን በአኃዝና በሠንጠረዥ መካከል ያሳለፈ፣ ለ20 ዓመታትም የአንድ ግዙፍ ድርጅት አማካሪ ሆኖ የሠራ ባለሙያ ነበር። የጥያቄው ክብደትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሹማከር ኦገስት 16 ቀን 1911 በጀርመን አገር በቦን ከተማ ተወለደ። አባቱ የኢኮኖሚ ፕሮፌሰር ስለነበሩ የሙያው ቋንቋ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤቱ ይነገር ነበር። በ1923 የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ የብዙ ቤተሰብ ቁጠባ በወራት ውስጥ እንደ ጉም ሲበን፣ እሱ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በ1930 የሮድስን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኦክስፎርድ ሄደ፤ ከዚያም በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቆየ። በ1934 ወደ አገሩ ቢመለስም ሒትለር የዘረጋው ሥርዓት ሊዋሐደው አልቻለም። በ1936 አና ማሪያ ፔተርሰንን አገባና በዓመቱ ኑሮውን ወደ እንግሊዝ አዛወረ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ግን ከናዚዎች የሸሸው ሰው በእንግሊዞች ዘንድ የጠላት አገር ዜጋ ሆኖ ተቆጠረ። በ1940 ከሌሎች ጀርመናውያን ጋር በግዞት ሰፈር ታጎረ። ከሰፈሩ ከወጣ በኋላም በኖርዛምፕተንሺር በአንድ እርሻ ላይ የጉልበት ሠራተኛ ሆነ። በኦክስፎርድና በኒውዮርክ የተማረው ኢኮኖሚስት ቀን እርሻ ላይ ሲደክም እየዋለ፣ ማታ ማታ አገሮች ከጦርነቱ በኋላ የንግድ ሒሳባቸውን እንዴት ሊያወራርዱ እንደሚችሉ ይጽፍ ጀመር። ሐሳቡ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ዘንድ ደረሰ፤ ታላቁ ኢኮኖሚስትም ያልታወቀውን ወጣት ጠርተው አነጋገሩት። ጽሑፉ በ1943 ኢኮኖሚካ በተባለው መጽሔት ታተመ። ብዙም ሳይቆይ በኦክስፎርድ የስታቲስቲክስ ተቋም ሥራ አገኘ፤ ዊልያም ቤቨሪጅ ስለ ሙሉ የሥራ ስምሪት በ1944 ባወጡት መጽሐፍ ዝግጅትም ተካፈለ። ይሁንና አፈርን በእጁ የነካበት ያ ጊዜ ከልቡ አልወጣም። ኋላ በሰሪ አውራጃ በካተራም በገዛ ጓሮው ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ አትክልት ያለማ ነበር፤ የአፈር ማኅበር የተባለውን ድርጅትም በፕሬዚዳንትነት መርቷል።

በ1950 የእንግሊዝ መንግሥት የድንጋይ ከሰል ቦርድ የኢኮኖሚ አማካሪ ሆኖ ተሾመ። ቦርዱ ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ የያዘ፣ የአገሪቱን አብዛኛውን የኃይል ፍላጎት የሚያሟላ ነበር። በዚያ ዘመን ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጣው ርካሽ ነዳጅ ዘይት ከሰሉን ከገበያ እያስወጣው ነበር። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ርካሹን መግዛትና ውዱን ጉድጓድ መዝጋት እንደሚገባ ያምኑ ነበር። ሹማከር ግን ስሌቱ መሠረታዊ ስሕተት አለበት ብሎ ተከራከረ። አንድ ነጋዴ ዋናውን ገንዘቡን እየበላ ትርፍ አገኘሁ ቢል ማንም ሒሳብ ዐዋቂ አይቀበለውም፤ ዓለም ግን አንዴ ከተቃጠለ የማይተካውን ነዳጅ እንደ ዓመታዊ ገቢ እየቆጠረ ያባክናል የሚል ነበር ክርክሩ። ሰሚ ግን አላገኘም። ጉድጓዶቹ በመቶዎች ተዘጉ፤ በ1970 ሹማከር ሥራውን ሲለቅ የሠራተኛው ቁጥር ወደ 300 ሺህ ወርዶ ነበር። ዛሬ የከሰል ጢስ የምድርን አየር እንደሚያሞቅ ስለታወቀ፣ ለከሰል ያቀረበው ጥብቅና እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ዋናውን ሀብትና ገቢውን ለይቶ መቁጠር ያሻል የሚለው መሠረታዊ ሐሳቡ ግን እየጠነከረ ሄዷል።

የሐሳቡ ትልቅ መታጠፊያ የመጣው በ1955 ነው። በዚያ ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ተልኮ የጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ኑን መንግሥት እንዲያማክር ወደ በርማ ሄደ፤ በዚያም ጥቂት ወራት ቆየ። በገቢ ሠንጠረዥ ላይ ከዓለም ድኆች ተርታ የተመደበው ሕዝብ በኑሮው ያን ያህል የተጎሳቆለ ሆኖ አላገኘውም። በርማውያን የሚፈልጉት ጥቂት ስለነበር ያላቸው ይበቃቸው ነበር። ሹማከር የቡድሃ መነኮሳት ዘንድ እየሄደ ተመስጦን ተማረ፤ ለመንግሥቱም የምዕራቡን የልማት መንገድ እንዳለ እንዳይቀዳ የሚመክር ጽሑፍ አቀረበ። ምክሩ በሹማምንቱ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። እሱ ግን ከዚያ ጉዞ ይዞት የተመለሰውን ሐሳብ ሲያብሰለስል ኖሮ በ1966 የቡድሃ ኢኮኖሚ በሚል ርእስ ጽሑፍ አወጣ።

የጽሑፉ መነሻ ሥራ ነው። በተለመደው ትምህርት ሥራ ለአሠሪው ወጪ፣ ለሠራተኛው ድካም ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ እንዲቀንስ፣ ሌላው ሥራ እንዲያንስ ይመኛል። እንደ ሹማከር አስተያየት ግን ሥራ ሦስት አገልግሎት አለው፤ የሰውን ችሎታ ያሳድጋል፣ ከሌሎች ጋር በማስተባበር ከራስ ወዳድነት ያላቅቀዋል፣ ለኑሮ የሚያስፈልገውንም ያስገኛል። ሦስተኛውን ብቻ ቆጥሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚተው ሒሳብ ጎዶሎ ነው። ፍጆታም እንዲሁ የመጨረሻ ግብ አይሆንም። በጥቂት ነገር የሚገኝ ደኅንነት በብዙ ነገር ከሚገኘው ይበልጣል፤ ፍላጎቱን የመጠነ ሕዝብም ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላበት ምክንያት ይቀንሳል። ቡድሂዝምን ምሳሌ ያደረገው በርማን ስላየ ነው እንጂ ከሌሎች ሃይማኖቶችም ተመሳሳይ ትምህርት ሊገኝ እንደሚችል ያምን ነበር። እሱ ራሱ በ1971 የካቶሊክ እምነት ተከታይ ሆነ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሕንድ ተጋብዞ ሲሄድ ያየው ድህነት ከበርማው የተለየና የከፋ ነበር። በመንደር ያለው መሣሪያ ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ፣ ጉልበቱም ደካማ ነው፤ ከውጭ የሚገባው ዘመናዊ ፋብሪካ ደግሞ ለአንድ የሥራ ቦታ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአገሩ አቅም በላይ ነው። የመጀመሪያውን የ1 ፓውንድ፣ ሁለተኛውን የ1,000 ፓውንድ ቴክኖሎጂ ብሎ ከሰየመ በኋላ፣ የሚያስፈልገው በመካከል ያለው የ100 ፓውንድ ቴክኖሎጂ ነው ሲል ደመደመ። ይህንኑ ለማስፋፋት በ1960ዎቹ አጋማሽ ከባልደረቦቹ ጋር በለንደን የመካከለኛ ቴክኖሎጂ ልማት ቡድንን አቋቋመ። ድርጅቱ በ2005 ስሙን ለውጦ ፕራክቲካል አክሽን ተብሏል።

ይህ ሐሳብ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ተቃዋሚዎቹ የበለጸጉት አገሮች ምርጡን ለራሳቸው ይዘው ለድኆች ሁለተኛውን ደረጃ ሊያድሉ ነው ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ልክን ስበኩ የሚባሉት ሁልጊዜ ድኆች ከሆኑ ትምህርቱ ፍትሕ ያጣል። ሹማከር ግን ምጣኔን አስቀድሞ የጠየቀው ከሀብታሞቹ ነበር። ለዚህም ምስክር የሚሆነው እሱ በቅርብ የተባበረው፣ በኖርዛምፕተንሺር የሚገኘው የስኮት ባደር ኩባንያ ነው። ባለቤቱ ኧርነስት ባደር በ1951 ከአክሲዮኑ 90 በመቶውን ለሠራተኞቹ የጋራ ማኅበር አስረከበ፤ የቀረውን በ1963 ጨመረ። የማኅበሩ ደንብ የድርጅቱ ስፋት ከ350 ሰው ገደማ እንዳያልፍ፣ የከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው 7 እጥፍ እንዳይበልጥ ወሰነ። ከትርፉ ቢያንስ 60 በመቶው ለግብርና ለድርጅቱ መጠናከሪያ ይውላል፤ ለሠራተኞች ጉርሻ በተከፈለ ቁጥር ያንኑ የሚያህል ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ምርቱ ለጦር መሣሪያ እንደሚውል ለታወቀ ደንበኛም አይሸጥም። እንዲህ ያለው ድርጅት ይከስራል ያሉ ነበሩ። ይሁንና ከ1951 እስከ 1971 ዓመታዊ ሽያጩ ከ625 ሺህ ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍ አለ። የሠራተኛው ቁጥርም 379 ደርሶ ደንቡ ያሰመረውን ወሰን ራሱ ይፈትነው ጀመር።

ሹማከር ለዓመታት የጻፋቸውንና የተናገራቸውን ሰብስቦ በ1973 ትንሽ ውብ ነው የሚል ርእስ ባለው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የነዳጅ ዘይት ዋጋ በወራት ውስጥ ወደ 4 እጥፍ ሲንር፣ ለ15 ዓመታት ያህል ሰሚ ያጣው ማስጠንቀቂያ በድንገት የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ በ1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በዋይት ሐውስ ተቀብለው አነጋገሩት። ስለ ልክ የሚያስተምረው ሰው ግን የራሱን ጉልበት አልመጠነም፤ ከአገር አገር እየዞረ ያለ ዕረፍት ሲናገር ቆየ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1977 በስዊዘርላንድ ለንግግር በተጓዘበት ወቅት ባቡር ላይ እንዳለ በ66 ዓመቱ ሞተ።

ሹማከር የተሟላ የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብ ትቶ አልሄደም። የገበያ ዋጋ በምን እንደሚተካ፣ ትንንሽ ድርጅቶች ትልቅ የባቡር መሥመር ወይም የብረት ፋብሪካ እንዴት እንደሚያቆሙ ያላብራራው ብዙ ነው። ለባለሙያው የተወለት ግን ከቀመር በፊት የሚመጣ ግዴታ ነው። ዕቅድ የሚያወጣ፣ ሒሳብ የሚመረምር፣ ብድር የሚፈቅድ ሁሉ ምን ያህል ተገኘ ከሚለው ጎን ለማን፣ ከየትኛው ሀብት ተቀንሶ፣ እስከ የትኛው ልክ ብሎ እንዲጠይቅ ይገደዳል። እነዚህ ጥያቄዎች ከሙያው ውጭ ናቸው ተብለው ከተተዉ፣ ምጣኔው ቀርቶ ሀብቱ ብቻውን ይቀራል።