በመርከብ ላይ የኮከብን ሞት ያሰላው ወጣት

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1930 ነው። ሱብራማንያን ቻንድራሴካር የሚባል የ19 ዓመት ህንዳዊ ለትምህርት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጓዛል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ያሰላል፦ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ መጨረሻው ምንድነው?

ያኔ ሁሉም ኮከብ ተጨምቆ መሬትን የሚያክል «ነጭ ድንክ» ሆኖ ያርፋል ይባል ነበር። ቻንድራ ግን ገደብ አገኘ። ቀሪው አካል ከፀሐይ 1.4 እጥፍ በላይ ከከበደ ራሱን መሸከም ያቅተዋል፤ መጨመቁን ይቀጥላል።

በ1935 ለንደን ላይ ይህን ሲያቀርብ ስመ ጥሩው አርተር ኤዲንግተን ጉባኤው ፊት አጣጣለበት። ሰውም ሳቀ። ቻንድራ ስሌቱን አልቀየረም፤ በ1937 አሜሪካ ገብቶ ቺካጎ ማስተማር ጀመረ።

በ1967 የኒውትሮን ኮከብ ተገኘ። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፣ ስፋቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ እንደማለት! ከዚያም የከበደው ብላክ ሆል ይሆናል። በሁለቱ መሃል ሊኖር ይችላል የሚባለው የኳርክ ኮከብ ግን እስካሁን ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ቻንድራ በ1983 ኖቤል ተሸለመ፤ በ1995 በ84 ዓመቱ አረፈ። በ1999 ወደ ጠፈር የመጠቀው የናሳ ቴሌስኮፕ ስሙ «ቻንድራ» ነው፤ ከሥራዎቹ አንዱም እነዚሁኑ የሞቱ ኮከቦች ማየት ነው።