የመትረየስ ሠሪው ልጅና የዝምታው ዕቃ

ማክሲም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመጣብን መትረየስ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1884 በራሱ ኃይል እየጎረሰ የሚተኩሰውን መሣሪያ የሠራውና እንግሊዞች ሰር ብለው ያከበሩት ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም፣ በስተርጅና ጆሮው ደንቁሮ ነበር፡፡ ያደነቆረው የገዛ መሣሪያው ጩኸት ነው፡፡ የዛሬው ባለታሪካችን ግን ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ነው፡፡

ፐርሲ በ1869 ብሩክሊን ተወለደ፡፡ ገና ታዳጊ ሳለ አባቱ ቤተሰቡን አሜሪካ ጥሎ አውሮፓ ቀረ፡፡ ልጁ ግን በ1886 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲመረቅ 17 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፡፡ በ1895 ሃርትፎርድ በሚገኘው የፖፕ ኩባንያ ገብቶ አውቶሞቢል ሲሠራ ቆየ፡፡

በመጋቢት 1909 የጠብመንጃ ድምፅ ማፈኛውን የፈጠራ መብት አገኘ፡፡ የዕቃው ሥራ ቀላል ነው፡፡ ጥይቱን ተከትሎ ካፈሙዝ የሚፈነዳው የባሩድ ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ ባሉ ክፍልፋዮች ይሽከረከራል፣ ይበርዳል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፡፡ ጋራዥ ውስጥ ማርሚታ የምንለው የመኪና ዕቃም በዚያው ዘዴ ይሠራል፤ የማክሲም ኩባንያም ኋላ ላይ ፊቱን ወደ ሞተር ድምፅ ማፈኛ አዙሯል፡፡

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፡፡ እዚህ ላይ ግን ያወጣው ነጋዴ ነው፡፡ ሳይለንሰር፣ ዝም አሰኚ! በእኔ አስተያየት ዕቃውን የጎዳው ይህ ስም ነው፤ ምክንያቱም ዝም አያሰኝም፡፡ 160 ዴሲቤል ገደማ የሚጮኽ ጠብመንጃ ቢታፈን ወደ 130 ወይም 140 ቢወርድ ነው፡፡ ከድምፅ ፍጥነት የሚበልጥ ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸት ደግሞ የትኛውም ማፈኛ አያስቀረውም፡፡ የሚተርፈው የአዳኙ ጆሮ ነው፡፡ በኖርዌይና በፊንላንድ አዳኞች ዘንድ የተለመደ ዕቃ የሆነውም ለዚሁ ነው፡፡

የሚገዛ አዳኝ ከዋጋው በፊት ቀዳዳውን ይመልከት፡፡ ለ7.62 ሚሊ ሜትር የተሠራ ማፈኛ ለቀጭን ጥይትም ሊያገለግል ይችላል፤ ተቃራኒው ግን አደጋ ነው፡፡ ጥርሱ ከበርሜሉ ጋር ቀጥ ብሎ ካልገጠመ ጥይቱ ክፍልፋዮቹን ይመታል፡፡ ቁጥቋጦ ውስጥ ለሚሄድ ሰው ርዝመቱ ያስቸግራል፡፡ ክብደቱም አፈሙዙን ያዘቀዝቀዋል፡፡ በቀን ሁለት ሦስት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ቀላሉ ቲታኒየም ይበቃዋል፤ ብረቱ ሲያንጣጣ ለሚውል ሰው ነው፡፡ ማፈኛው ከታሰረ በኋላ ኢላማን እንደገና ማስተካከል ደግሞ ግድ ነው፡፡

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ግን ያሰቡት የአዳኙን ጆሮ አልነበረም፡፡ የ1934ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ማፈኛውን ከመትረየስ ጋር ደርቦ 200 ዶላር ግብር ጣለበት፡፡ በዚያ ዘመን ይህ ከዕቃው ዋጋ እጅግ ይበልጥ ነበር፡፡ አባትና ልጅ በአንድ ሕግ ሥር ዋሉ ማለት ነው! የምክር ቤቱን ክርክር ያገላበጠ የሕግ ሰው የመትረየሱን ምክንያት በቀላሉ ያገኛል፤ ስለ ማፈኛው ግን ይህ ነው የሚባል ማብራሪያ የለም፡፡ ግብሩ ሳይነካ ኖሮ በ2025 በወጣ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆነ፡፡ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው፡፡

ፐርሲ ከዝምታው ጎን ለጎን የድምፅ ሰውም ነበር፡፡ በ1914 ከክላረንስ ቱስካ ጋር የአሜሪካን አማተር ሬዲዮኞች ማኅበር መሠረተ፡፡ መልእክትን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተቀባበሉ የማድረሱ ሐሳብ የእርሱ ነው፡፡ በየካቲት 1936 በ66 ዓመቱ ኮሎራዶ ውስጥ አረፈ፡፡ ጥሏቸው ስለሄደው አባቱ የጻፈው መጽሐፍም የታተመው በዚያው ዓመት ነው፡፡ የጥሪ ምልክቱን ዳብልዩ ዋን ኤ ደብልዩን ማኅበሩ ለኮኔክቲከት ጣቢያው ወርሶታል፡፡