ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ

ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ (1885 – 1972 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ መስፍን፣ የጦር መሪ፣ አገረ ገዥ፣ አምባሳደርና ደራሲ ነበሩ። የንጉሥ ልጅ ባይሆኑም ለንጉሠ ነገሥቱ ካላቸው የቅርብ ዝምድና የተነሣ የልዑልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። ርስታቸውን ለጭሰኞች በማከፋፈላቸው «ቀዩ ራስ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

ልጅነት

አባታቸው ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ይባላሉ። እምሩ በሐረር በራስ መኰንን ቤት ከልጅ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ጋር እንደ ወንድማማች አደጉ፤ አብረውም ተማሩ።

አገረ ገዥነት

ተፈሪ አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ እምሩ ሐረርጌን በእንደራሴነት አስተዳደሩ። ከዚያም ወደ ወሎ ተዛወሩ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን ሲወርዱ የጎጃም ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሕዝቡ ለዘመናት በአገሩ ተወላጅ መሳፍንት ሲገዛ ስለኖረ ከሸዋ መንግሥት የተላከ ገዥን መቀበል ቀላል አልነበረም። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ወደ ግንባር በሚደረገው ጉዞ ላይ ተከታዮቻቸውን ይዘው ከዱ።

ጦርነትና ምርኮ

ራስ እምሩ የቀረውን የጎጃም ጦር ይዘው በጎንደር በኩል ወደ ሽሬ ዘመቱ። ከደጃዝማች አያሌው ብሩ የበጌምድር ጦር ጋር ተባብረው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጉና መተላለፊያ የጣሊያንን ጦርና ታንኮቹን ድል አደረጉ። ጠላት በመልሱ በተከዜ አካባቢ በሠራዊታቸው ላይ የመርዝ ጋዝ ጣለ፤ በየካቲት ወር መጨረሻም በሽሬ ጦርነት ተሸነፉ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ እምሩን እንደራሴያቸው አድርገው ተዉ። እርሳቸውም በጎሬ ተቀምጠው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች ጋር ትግሉን ቀጠሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ተማረኩና ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ሙሶሊኒ በ1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ እርሱም ለጥቂት ጊዜ የታሰረው በዚያው ደሴት ነበር።

ከነጻነት በኋላ

በ1936 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የበጌምድር ገዥ ሆኑ። ግዛቱ በምዕራብ ቆላውን አልፎ እስከ መተማና የሱዳን ድንበር ይዘልቅ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ግን በአምባሳደርነት ወደ አሜሪካ፣ በኋላም ወደ ሕንድ ተላኩ። ሹመቱ ክብር ቢኖረውም ከአገር አስተዳደር አርቋቸዋል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ሰየሙ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ግርማሜም በወላይታ ገዥነታቸው መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ሰጥተው ነበር። ሙከራው ከሸፈ፤ ራስ እምሩ ግን አልተቀጡም፤ ቀጥሎ በሶቭየት ኅብረት አምባሳደር ሆኑ።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ለአጭር ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ልጃቸው ዮዲት እምሩ ደግሞ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አምባሳደር ናቸው። ደርግ ብዙ መሳፍንትንና ባለሥልጣናትን ሲገድልና ሲያስር ራስ እምሩን አልነካም። ራሳቸው አስቀድመው የጀመሩት የመሬት ክፍፍል በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ፣ በእርሳቸው መደብ ላይ በኃይል ሲፈጸም ለማየት በቁ። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ከድርሰቶቻቸው መካከል «ፊታውራሪ በላይ» እና ከሞቱ በኋላ የታተመው የሕይወት ታሪካቸው «ካየሁት ከማስታውሰው» ይገኛሉ።