ሲግመንድ ፍሮይድና የታመመው መንጋጋቸው

ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሰው ልጅ ስውር ሐሳብ ያስተማሩትን በክፍል እንሰማለን፤ ስለ መንጋጋቸው ግን ብዙ አንሰማም።

እኝህ ሐኪም በ1856 እ.አ.አ. በሞራቪያ ተወልደው በቪየና አደጉ። ሲጋር አብዝተው ያጤሱ ነበር። በ1923 በላንቃቸው ላይ ካንሰር ተገኘና ሐንስ ፒክለር የተባሉት ባለሞያ የላይኛውን መንጋጋቸውን ከፊል ከላንቃው ጋር ቆርጠው አወጡት። አፍና አፍንጫን ያገናኘውን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ሠራሽ ላንቃ ተገጠመላቸው። ያለ እርሱ መብላትና መናገር ጭንቅ ነው፤ ከእርሱም ጋር ቁስሉ ዕረፍት አይሰጥም። ሲያወልቁና ሲያስገቡት ልጃቸው አና ትረዳቸው ነበር።

ከ30 ጊዜ በላይ ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ ራጅና ራዲየምም ተጨመረባቸው። ጨረር ካንሰሩን ሲገድል የአጥንቱንም የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ደም ያጣ አጥንትም ይሞታል። ከ1989 ወዲህ ሐኪሞች እንዲህ የሞተውን መንጋጋ ቆርጠው፣ ከእግር ቀጭኑን አጥንት ከነደም ሥሩ አምጥተው ይተክላሉ። ፍሮይድ ግን ይህን ጥበብ አላገኙም።

ሆኖም አእምሮዬ እንዳይደነዝዝ ብለው፣ የመጨረሻዎቹ ቀኖች እስኪደርሱ ብርቱ ማስታገሻ እምቢ እያሉ 16 ዓመት ሕሙማን ተቀበሉ፤ መጻሕፍትም ጻፉ። በ1938 ከናዚዎች ሸሽተው ሎንዶን ገቡ፤ በ1939 በዚያው ዐረፉ።

እኛም ጥቂት ራስ ምታት ይዞን መጽሐፋችንን ስንከድን ይህን መንጋጋ እናስታውስ።