ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና የምድር ባቡሩ የሥራ ጊዜ

የምድር ባቡራችን ታሪክ ሲነሣ የአጤ ምኒልክ ስምና የፈረንሳይ ኩባንያ ይጠቀሳሉ። በሁለቱ መካከል ቆሞ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል የደከመው መሐንዲስ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። የግንባታ ሥራ አመራር ለምንማር ሁሉ የዚህ ሰው ሕይወት ትልቅ ትምህርት ስላለው በአጭሩ እናቀርበዋለን። ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 በስዊዘርላንድ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምሮ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ሥራ አዋቂዎች ስለፈለጉ ከሁለት የአገሩ ሰዎች ጋር ጉዞ ጀመረ፤ በ1879 አንኮበር ገባ። ንጉሡ ችሎታውን ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ እንዲሰፋላቸው አዘዙት ተብሎ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ወደ ግቢው ውሃ በቧንቧ አስገባ። በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመና የውጭ ጉዳይን ሥራ ይመራ ጀመር።

ትልቁ ሐሳቡ ግን ሐዲድ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 1894 አጤ ምኒልክ ለ99 ዓመት የሚጸና የሥራ ፈቃድ ሰጡት፤ ከሊዮን ሼፍኖ ጋር ሆኖም ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃው ውሃ አልባ፣ ሸለቆው ድልድይ የሚሻ፣ የአገሩም ሕዝብ መሬቱ ሳይጠየቅ በመያዙ የተቆጣ ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ በ1902 መጨረሻ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ድሬዳዋ ተደረሰ። በዓመት ሲካፈል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ የሙያውን ነገር እናስተውል። ሐዲድ መዘርጋት አንድ ዓይነት ሥራ ከኪሎ ሜትር ኪሎ ሜትር የሚደጋገምበት ግንባታ ነው። አንዱ ቡድን አፈር ይደለድላል፤ ሌላው ተከትሎ ሐዲድ ያነጥፋል። ለምሳሌ ደልዳዩ በቀን 500 ሜትር፣ አንጣፊው 800 ሜትር ቢሠሩና አንጣፊው ከ30 ቀን በኋላ ቢነሣ፣ በጀመረ በ50ኛው ቀን 40ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደልዳዩን ይደርስበታል። ከዚያ ወዲያ እጁን አጣጥፎ ደመወዝ ይቀበላል። ለ100 ኪሎ ሜትር ሥራ በ75ኛው ቀን ቢነሣ ግን ሁለቱ የሚገናኙት በ200ኛው ቀን፣ መጨረሻው ላይ ነው። ርቀትን በአንድ በኩል፣ ጊዜን በሌላ በኩል አድርገን የየቡድኑን ፍጥነት በዘንበል መስመር ብንሥል ይህ ሁሉ በዓይን ይታያል። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጉድይር ፋብሪካ የተጀመረው የሚዛን መስመር ዘዴና በኋላ ለመንገድ፣ ለቧንቧና ለተመሳሳይ ቤቶች የተስፋፋው ስሌት መሠረቱ ይኸው ነው። በበረሃ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የተነጠፈው ሐዲድ ራሱ ውሃና ስንቅ ለፊተኞቹ ያደርሳልና አንጣፊውን እጅግ ማዘግየትም ጉዳት አለው።

የኢልግ መስመር የቆመው ግን በቡድኖች አለመመጣጠን አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ርዳታ ሰጥቶ በምላሹ በመስመሩ ላይ ሥልጣን ያዘ። አጤ ምኒልክ የአገራቸው በር በባዕድ መንግሥት እጅ እንዳይወድቅ ስለሰጉ ሥራው ከድሬዳዋ እንዲያልፍ አልፈቀዱም። እንግሊዝና ኢጣሊያም በየፊናቸው ይጎትቱ ነበር። ኢልግ በ1907 ከሹመቱ ለቀቀ፤ የቀድሞው ኩባንያም ከሰረ። በ1908 አዲስ ኩባንያ ተተክቶ ሥራው ቀጠለ። አጤ ምኒልክ በ1913፣ ኢልግ በጥር 1916 በዙሪክ አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ከድሬዳዋ ወዲህ የቀረው 474 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በፊተኛው ፍጥነት ስምንት ዓመት ይፈጃል፤ ማለትም በ1911 ገደማ ያልቃል። ዳገቱና የአዋሽ ድልድይ ሥራውን ያዘገዩት ነበር ብንል እንኳ ሁለቱም ሰዎች ፍጻሜውን ለማየት ዕድል በኖራቸው ነበር። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ግን ሃያ ዓመት ፈጀ።

በአጠገባችን ያለው የደማምና የሪያድ ሐዲድ ከ1947 እስከ 1951 በአራት ዓመት ተፈጽሟል። እርግጥ ማሽን ነበረ፤ ግን ከማሽኑ በላይ የነዳጅ ገቢ ስለነበረ ሥራው በመካከል አልተቋረጠም። በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማም ሆነ በአገራችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ተደጋጋሚ ሥራ ትርፉ ያለመቋረጡ ነው። አንድ ጊዜ ሲቆም የለመደ እጅ ይበተናል፤ እንደገና ማሰባሰብ ከመጀመር ይከብዳል።

እንግዲህ ከኢልግ ሕይወት የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። ፕሮግራም ስንነድፍ የቡድኖቹን ፍጥነት እናመዛዝን፤ ከዚያ በፊት ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ከገንዘቡ ጋር ማን ሥልጣን ይዞ እንደሚገባ እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ፣ መስመሩ የቱንም ያህል አምሮ ቢሣል ድሬዳዋ ላይ ይቀራል።