ልዕልት ዲያና፦ ዓለም ውበት ነው ብሎ ያጨበጨበለት ሕመም

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው። ለንደን የሚገኘው ዌምብሌይ ስታዲየም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ኮንሰርቱ ላይቭ ኤይድ ይባላል፤ የተዘጋጀውም በ77ቱ ድርቅ ለሚያልቀው የኢትዮጵያ ሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። በክብር እንግዶቹ መቀመጫ ላይ ከባለቤቷ ከልዑል ቻርልስ አጠገብ አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ተቀምጣለች። ልዕልት ዲያና ናት።

በዚያ ቀን በቴሌቪዥን ካያት ሰው መሃል ስለ ሕመሟ የሚያውቅ ከጣት ቁጥር አይበልጥም። ዲያና ከምግብ ጋር ከተጣላች አራት ዓመት አልፏታል። ብቻዋን ስትሆን ራሷን መቆጣጠር እስኪያቅታት ትበላለች፣ ከዚያ ታስመልሳለች፣ ከዚያ በራሷ ታፍራለች። ነገ ደግሞ ያው ነው።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ይህን የሰማ ሐበሻ መጀመሪያ ምን እንደሚል ይታወቃል። እኛ በረሃብ ስናልቅ እሷ ምግብ ትደፋ ነበር? ይሄማ ጥጋብ ነው! እንላለን። ግን ጥጋብ አልነበረም፤ ሕመም ነበር። እንዲያውም ለዓመታት አፏን ያዘጋት ይሄው ፍርድ ነው። በኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ ማዕድ ላይ ምግቡን በኋላ ልታባክኚው ነው አይደል የሚል ነገር ከቤተሰቡ ይወረወርባት ነበር።

ከቤተ መንግሥት በፊት

ዲያና ስፔንሰር የተወለደችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1961 ኖርፎክ በሚባለው የእንግሊዝ ግዛት ነው። ቤተሰቧ ባለማዕረግና ባለጠጋ ነበር። ግን ስድስት ዓመት ሲሞላት እናቷ ከቤት ወጣች። በ1969 ፍቺው ሲጸድቅ ልጆቹን የማሳደግ መብት የተሰጠው ለአባትየው ነው። ታናሽ ወንድሟ ሌሊት እናቱን እየጠራ ሲያለቅስ ትሰማዋለች፤ ሄዳ እንዳታባብለው ደግሞ ጨለማውን ትፈራለች። ይህን ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላም አልረሳችውም።

ትምህርት አልሆነላትም። ብሔራዊ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወስዳ ሁለቴም ወደቀች። ራሷን ደደብ አድርጋ ነው የምታየው። ታላቅ እህቷ ሳራ ደግሞ በወጣትነቷ አኖሬክሲያ በሚባለው፣ ሰው ምግብ እየከለከለ ራሱን በሚያከሳበት ሕመም ታማ ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከአመጋገብ ጋር የተያያዙ የአእምሮ ሕመሞች በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ እንዳላቸው ዛሬ ይታወቃል።

ከቻርልስ ጋር የተጫጨችው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1981 ነው። እሷ 19፣ እሱ 32 ዓመታቸው ነበር። እስከዚያ ድረስ ለንደን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር አፓርታማ ተጋርታ እየኖረች መዋዕለ ሕፃናት ትሠራ ነበር። በአንድ ቀን ጋዜጠኛ የሚከተላት፣ ጠባቂ የቆመላት፣ ሰፊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ብቻዋን የምታድር ሰው ሆነች።

ሲጀምር

ዲያና እንደምትለው ሕመሙ የጀመረው በተጫጨች በሳምንቱ ነው። እጮኛዋ ወገቧን ይዞ እዚህ ጋ ትንሽ ወፈር ብለሻል የሚል ነገር ጣል አደረገባት። ቃሉ ውስጧ የነበረውን ቁስል ነካው።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ቡሊሚያ በአንድ ሰው አንድ ንግግር አይመጣም። የልጅነት ሐዘን፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ማየት፣ የቤተሰብ ተጋላጭነት፣ ጭንቀት፣ ብቸኝነት፣ ሁሉም ተደማምረው ነው። ንግግሩ በደረቀ ሣር ላይ የወደቀ ክብሪት ነበር እንጂ ሣሩን ያደረቀው እሱ አይደለም። ቢሆንም ክብሪት ክብሪት ነው። እኛ አገር ሰላምታ ሆኖ የቀረው ወፍረሻል፣ ከስተሻል የሚባለው ነገር ማን ላይ እንደሚያርፍ አናውቅም።

ከዚያ እስከ ሠርጉ ባሉት አምስት ወራት የዲያና ወገብ ከአምስት ኢንች በላይ ቀነሰ። የሠርግ ልብሱን የሚሰፉት ባለሙያዎች በየልኬቱ ማጥበብ ሆነ ሥራቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1981 ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ የተፈጸመውን ሠርግ በዓለም ዙሪያ 750 ሚሊዮን ሕዝብ ገደማ በቴሌቪዥን እንዳየው ይገመታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆንጆ ሙሽራ አየ። የታመመች ልጅ ያየ ግን የለም። ጋዜጦቹ ቅጥነቷን አደነቁ፣ ሴቶች እሷን ለመምሰል ፀጉራቸውን ተቆረጡ።

ሕመሙ እንዴት ይሠራል?

ቡሊሚያ የሚለውን ስም ለሕመሙ የሰጠው ጄራልድ ረስል የተባለ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979። ዲያና ስትታመም ስሙ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ብዙ ሐኪም እንኳ በደንብ አያውቀውም ነበር።

ነገሩ አዙሪት ነው። ሰውየው በራሱ ይናደድና ምግብ ይከለክላል። የተራበ ሰውነት ደግሞ ምግብ ምግብ ይላል። ጭንቀት ሲጨመርበት ግድቡ ይፈርሳል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ይበላል። ለጥቂት ደቂቃ ስሜቱ ይደነዝዛል፣ ሐሳቡ ይረሳል። ከዚያ እፍረት ይመጣል። የቡሊሚያ ታማሚ የበላውን በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ለማካካስ ይሞክራል። ነገ አልበላም ብሎ ይምላል። አዙሪቱም እንደገና ይጀምራል።

ዲያናም የገለጸችው ይህንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ስትጎበኝ፣ የታመመ ስታጽናና ትውልና ማታ ባዶ ሆና ትገባለች። እሷን የሚያጽናና ሰው ግን የለም። ቀጥታ ወደ ፍሪጅ። ትዳሩ እየሻከረ ሲሄድ ሕመሙም ጠነከረ። በ1982 ዊሊያምን ከወለደች በኋላ ድብርት ያዛት። በ1986 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ኤግዚቢሽን እየጎበኘች ሳለ ሰው ፊት ራሷን ስታ ወደቀች። ለቀናት በደንብ አልበላችም ነበር።

የዚህ ሕመም የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ፤ ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር ይባላል። አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ ያለውን አበላል በ1959 ጽፎበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ በመመሪያው ያሰፈረው ግን በ2013 ነው። እዚህኛው ላይ ሰውየው ከልክ በላይ ይበላል፣ ያፍራል፣ ግን አያስመልስም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማንም ሕመም ነው አይለውም። ሆዳም ተብሎ ይታለፋል።

ታዲያ ድግስ ላይ አብዝቶ ከመብላት በምን ይለያል? ሐኪሞች የሚያዩት ይህንን ነው። ሰውየው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ከሚበላው እጅግ የበዛ ይበላል፤ ላቁም ቢል ማቆም አይችልም። በጣም በፍጥነት ይበላል፣ ሆዱ እስኪያመው ይበላል፣ ሳይርበው ይበላል፣ አፍሮ ተደብቆ ይበላል፣ ከበላ በኋላ ራሱን ይጠላል። ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱ ካሉ፣ ነገሩም በሳምንት ቢያንስ አንዴ እየመጣ ሦስት ወር ከቆየ፣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ወፍራምም ቀጭንም ሊይዘው ይችላል፤ ሴትም ወንድም።

ምስጢሩን አልጠብቅም ያለችው ጓደኛ

ዲያና ለሰባት ዓመት ያህል ደበቀችው። ነገሩን የቀየረችው ከጋብቻ በፊት አብራት ትኖር የነበረች ጓደኛዋ ናት። ጓደኛዋ የማስመለሱ ነገር ሰውነት ውስጥ ያሉ እንደ ፖታሲየም ያሉ ማዕድናትን እንደሚያሟጥጥ አወቀች፤ ደነገጠች። ከዚያ ቁርጡን ነገረቻት። ሐኪም ካልጠራሽ እኔ ለጋዜጠኛ እናገራለሁ አለቻት።

ጭካኔ ይመስላል። ግን ፍርሃቷ ልክ ነበር። ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፤ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል። ጥርስም ይበላሻል፣ ጉሮሮም ይቆስላል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ዲያና ስልኩን አነሳች። ሐኪሙ ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሞሪስ ሊፕሴጅ ነው፤ ቀደም ሲል እህቷን ሳራንም አክሟል። እንደመጣ ስለ ክብደቷ አልጠየቃትም። ራስሽን ለማጥፋት ስንት ጊዜ ሞከርሽ ብሎ ነው የጀመረው። እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ደነገጠች፤ ግን መለሰችለት። በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት እየመጣ ሊያነጋግራት ተስማሙ። ስለ ሕመሙ የተጻፉ መጻሕፍትም ሰጣት። እነሱን ስታነብ ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም አለች።

ወዲያው አልዳነችም። እየቀነሰ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየቀነሰ ነው የሄደው። ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ተላቃዋለች።

አፍ ስትከፍት

በ1992 አንድሪው ሞርተን የጻፈው የሕይወት ታሪኳ ሲወጣ እንግሊዝ ተናወጠች። ቡሊሚያ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው የሰማው ያን ጊዜ ነው። መረጃውን በካሴት እየቀረጸች በምስጢር የላከችው ራሷ እንደነበረች የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው።

በኤፕሪል 1993 ለንደን ውስጥ በተካሄደ የአመጋገብ ሕመሞች ጉባኤ ላይ ቆማ ተናገረች። እነዚህ ሕመሞች ሥራቸው ልጅነት ውስጥ ሊሆን እንደሚችል፣ ፍጹም ሁኑ የሚለው ጫና ሰውን እንደሚሰብር፣ ሕመሙ ራሱ አሳፋሪ ግን የማይለይ ጓደኛ እንደሚሆን አስረዳች። በኖቬምበር 1995 ደግሞ በቢቢሲ ፓኖራማ ላይ ወደ 23 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እያያት ስለራሷ ቡሊሚያ በግልጽ ተናገረች። ቃለ መጠይቁ የተገኘው በማታለል እንደነበር በ2021 የወጣ ምርመራ አረጋግጧል። ይህ በደል ነው። ስለ ሕመሙ የተናገረችው ግን ለብዙ ሰው ደረሰ።

እንግሊዝ ውስጥ በቡሊሚያ ምክንያት ወደ ሐኪም የሚሄደው ሰው ቁጥር እስከ 1996 ድረስ ከፍ ብሎ ከዚያ መውረዱን የተመለከቱ ተመራማሪዎች ነገሩን ከእሷ ጋር አያይዘውታል። እሷ ስትናገር የተደበቀው ብቅ አለ ማለት ነው።

በኦገስት 1996 ተፋታች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1997 ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተች። 36 ዓመቷ ነበር።

ለእናንተ፣ ወይም ለምታውቁት ሰው

ሕክምና አለው። ዋናው የንግግር ሕክምና ነው፤ በተለይ ሲቢቲ የሚባለው። እዚያ የሚሠራው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትን በሰዓቱ መብላት መልመድ፣ አዙሪቱን የሚቀሰቅሰውን ነገር መለየት፣ ጭንቀትን በሌላ መንገድ መቋቋም ነው። ለአንዳንዱ ሰው ሐኪም መድኃኒት ይጨምርለታል። ጠንካራ ዳይት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አዙሪቱን ያባብሳል። ጾም የሚጾም ታማሚም ነገሩን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር ቢመክርበት ጥሩ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ከአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የሥነ አእምሮ ክፍል ካለው ሌላ ሆስፒታል መጀመር ይችላል። ክፍለ ሀገርም ውጭ አገርም ያለ፣ አጠገቡ ያለውን ጠቅላላ ሐኪም ያነጋግር። ምን ብዬ ልጀምር ለሚል፣ ስበላ ራሴን ማቆም አቅቶኛል የሚለው በቂ ነው። ልብ የሚመታበት፣ ራሱን የሚስት፣ ደም የሚያስመልስ ወይም ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ጓደኛ ከሆናችሁ ደግሞ ስለ ኪሎዋ አታውሩ። ተይው በቃ አትበሉ፤ መተው ብትችል ትተወው ነበር። ጨንቆሻል፣ አይቻለሁ፣ አብሬሽ ልሂድ በሏት። የዲያና ጓደኛ ያደረገችው በጠንካራ ቃል ቢሆንም ዋናው ነገር ይሄው ነው፤ አይታ እንዳላየች አልሆነችም።

ይህን ጽሑፍ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱት። ስሙን ጠርታችሁ ሰው ፊት ግን አይሁን፤ በውስጥ መስመር ላኩለት።