የጊዶ ፉቢኒ የሕይወት ታሪክ

ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተዘረጋውን የስንዴና የገብስ አዝመራ የተመለከተ ሰው፥ አራቱ ማዕዘኖቹ የተስተካከሉ ማሳ እምብዛም አያገኝም። አንዱን ጅረት ይቆርጠዋል፤ ሌላውን መንገድ ያጠበዋል፤ ሌላው ደግሞ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ይጣመማል። እኛ ተማሪዎች ግን ድርብ ኢንተግራል የምንማረው ከሬክታንግል ጀምረን ስለሆነ፥ ወሰኑ የሰያፍ የሆነ ስፍራ በፈተና ላይ ሲመጣብን እንደነግጣለን። ስለዚህ በዚህ ረገድ ስሙ ዘወትር የሚነሣውን የጊዶ ፉቢኒን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ አሰብን። ዘመኖቹ፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፉቢኒ በጥር 19 ቀን 1879 በኢጣሊያ አገር በቬኒስ ከተማ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። አባቱ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በ1896 ፒዛ ወደሚገኘው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ከኡሊሴ ዲኒና ከሉዊጂ ቢያንኪ ተማረ፤ በ1900 የዶክትርና ማዕረግ ተቀበለ። በካታኒያና በጄኖቫ ካስተማረ በኋላ በ1908 ወደ ቶሪኖ ተዛውሮ፥ በዚያ ሠላሳ ዓመት አስተማረ።

ስሙን ያስጠራው በ1907 ያወጣው ቴዎሬም ነው። ይኸውም ድርብ ኢንተግራል በሁለት ተራ ኢንተግራሎች ሊሠራ እንደሚችል፥ ከሁለቱም የትኛው ቢቀድም ውጤቱ አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። ነገሩ ሳይቋረጥ ለሚሄድ ፋንክሽን ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የፉቢኒ ድርሻ ፈረንሳዊው ሌቤግ ላቀረበው ሰፊ የኢንተግራል ዓይነት ማረጋገጡ ነው።

ወደ አርሲ ማሳችን እንመለስና፥ በመንገድና በቀጥታ በሚወርድ ጅረት መካከል ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን እርሻ እናስብ። በመንገዱ በኩል ርዝመቱ 200 ሜትር ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ጅረቱ መንገዱን ይነካል፤ በሌላው ጫፍ ከመንገዱ 100 ሜትር ይርቃል፥ በዚያም በኩል ማሳው መንገዱን በቀጥታ በሚያቋርጥ አጥር ይዘጋል። ከመገናኛው ጀምሮ በመንገዱ ላይ ያለውን ርቀት ሀ፥ ከመንገዱ ወደ ጅረቱ ያለውን ለ እንበለው። ለን ብናስቀድም፥ ለ ከ0 እስከ ሀ ግማሽ፥ ሀ ከ0 እስከ 200 ይሄዳል። ሀን ብናስቀድም ደግሞ፥ ሀ ከለ እጥፍ እስከ 200፥ ለ ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ስፋቱ 10,000 ካሬ ሜትር፥ ማለት 1 ሄክታር ነው። ቅደም ተከተሉን ለውጦ ሀን ከ0 እስከ 200፥ ለን ከ0 እስከ 100 የሚጽፍ ተማሪ ግን 20,000 ያገኛል፤ የጎረቤቱን አንድ ሄክታር ወደ ራሱ ቀላቀለ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የስፍራውን ሥዕል መሣል ይገባል።

መለዋወጡም ያለ ጥቅም አይደለም። በዚሁ ማሳ ላይ የሀ ካሬን ሳይን ብንደምር፥ ሀን ካስቀደምን በምናውቃቸው ፋንክሽኖች ልንጽፈው አንችልም፤ ለን ካስቀደምን ግን የሀ ግማሽ ይበዛበትና ሥራው ወዲያው ያልቃል።

ሆኖም ቴዎሬሙ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የፋንክሽኑ ፍጹም ዋጋ ኢንተግራል ሊኖረውና መጠኑም የተወሰነ ሊሆን ይገባል። ጎኑ 1 በሆነ ካሬ ላይ፥ ከሀ ካሬ ለ ካሬ ተቀንሶ በድምራቸው ካሬ ሲካፈል የሚገኘውን ፋንክሽን ብንወስድ፥ ለን ስናስቀድም የፓይ ሩብ፥ ሀን ስናስቀድም የዚያው ኔጌቲቭ ይወጣል። ቅድመ ሁኔታውን ሳይመረምር የሚቸኩል ሰው ትርፉን ከኪሣራው መለየት ያቅተዋል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፉቢኒ የመድፍ ተኩስ ኢላማውን ስለሚመታበት ሒሳብ አጥንቶ ለአገሩ ሠርቷል። አገሩ ግን ውለታውን አልቆጠረችለትም። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የፋሺስት መንግሥት፥ በሚያዝያ 1937 ኢጣሊያውያን ከእኛ ሕዝብ ጋር በትዳር መልክ አብረው እንዳይኖሩ በሕግ ከለከለ። በ1938 ደግሞ ዘርን ከዘር የሚለየውን ሕግ በራሱ ዜጎች ላይ አውጥቶ፥ አይሁድ መምህራንን ከዩኒቨርሲቲ አባረረ። በሀበሻ ላይ ሲጻፍ ብዙዎች ዝም ያሉበት ሕግ፥ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ የቶሪኖን የማስተማሪያ ክፍል በር አንኳኳ። ፉቢኒ ያን ጊዜ 59 ዓመቱ ነበር። ለልጆቹ የወደፊት ኑሮ በመሥጋት፥ በ1939 በፕሪንስተን የሚገኘው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ያቀረበለትን ጥሪ ተቀብሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ጤናው ደክሞ ነበርና በሰኔ 6 ቀን 1943 በኒውዮርክ ከተማ በ64 ዓመቱ ዐረፈ። ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ የወደቀው ሰባት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ፉቢኒ ይህን ለማየት አልታደለም።

ያባረሩት ሰዎች ሕግ ተሽሮ ጠፍቷል፤ የፉቢኒ ቴዎሬም ግን ኢጣሊያ በወረረችው አገር ልጆች ደብተር ላይ ሳይቀር በየዓመቱ ይጻፋል። እኛም ወሰናችንን በትክክል ጽፈን፥ ቅድመ ሁኔታውን መርምረን ብንሠራበት፥ ለሊቁ የሚገባውን መታሰቢያ እንዳደረግንለት እንቈጥረዋለን።